ማስተርስ ለማን ሥራ ይከፍታል?

ሐምሌ ላይ ጋውን ለብሶ በእናትና በአባቱ መሃል ፎቶ የተነሳ ልጅ፣ በዓመቱ ሐምሌ ሥራ ሳያገኝ ሲቀር ቤት ውስጥ የሚነሳው ሐሳብ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ለምን ማስተርስህን አትቀጥልም?» ይህን የሚሉት የሚወዱት ሰዎች ናቸው። አጎት የክፍያውን ግማሽ እችላለሁ ይላል፤ እናት እቁቡ መቼ እንደሚደርሳት ታሰላለች፤ ልጁም «አሁን ምን እየሠራህ ነው?» ለሚለው ጎረቤት የሚመልሰው ነገር ያገኛል። ከፍቅርና ከጭንቀት የሚወለድ ውሳኔ ስለሆነ በስሌት ሊመረምረው የሚደፍር አይገኝም። እኔ ግን መመርመር አለበት ባይ ነኝ። የሚወጣው ገንዘብ ከብዙ ጉድለት የተቆጠበ ነው፤ የሚያልፈውም ዕድሜ ለመጀመሪያ ሥራ ከሁሉ የሚሻለው ዕድሜ ነው።

«ተጨማሪ ትምህርት ሥራ ያስገኛል ወይ?» ተብሎ በጥቅሉ ሲጠየቅ መልስ የለውም። አስቀድሞ መታወቅ ያለበት ይህችን ልጅ ወይም ይህን ልጅ ከሥራው የለየው ምን እንደሆነ ነው። የጎደለው የምስክር ወረቀት ከሆነ ዩኒቨርሲቲ ወረቀት ይሰጣል። የጎደለው ልምድ፣ የሚያውቀው ሰው፣ የታክሲ ሂሳብ ወይም በከተማው ውስጥ ያለው የሥራ ቦታ ቁጥር ከሆነ ግን ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያንን አይሞላም። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ለማስተርስ ከሚመዘገቡት መካከል ይህን ለይቶ የሚገባው ጥቂቱ ይመስለኛል።

በትምህርት ላይ ያለን እምነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሕዝብ በዘመኑ ልክ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹ ግን ሰው ይሹ ነበር። በደርግ ዘመንም የኮሌጅ ምሩቅ ሥራ ሲፈልግ አይዞርም፤ መንግሥት ይመድበዋል። ምደባው ጎንደር ይሁን ጎሬ አይታወቅም እንጂ ደመወዙ አይቀርም። ምደባው ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ቀረ፤ እምነቱ ግን አብሮት አልቀረም። ዛሬ ልጆቻቸውን የሚመክሩት ያን ዘመን ያዩ፣ ወይም ያዩት ሲያወሩት የሰሙ ወላጆች ናቸው። የሚመክሩት የሚያውቁትን እውነት ነው። የተለወጠው እውነቱ የቆመበት መሬት ነው።

ያ መሬት እንዴት እንደተለወጠ ለማየት ሁለት ነገር ይበቃል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዩኒቨርሲቲ ሲባል አዲስ አበባና ሐረማያ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከ40 በላይ ናቸው፤ የግሎቹ ደግሞ ለብቻቸው ይቆጠራሉ። ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የ70 በ30 ቅበላ ነው፦ 70 በመቶው ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ። ዓላማው ፋብሪካ ሲመጣ መሐንዲስ እንዲጠብቀው ነበር። መሐንዲሱ ደረሰ፤ ፋብሪካው በዚያ ልክ አልደረሰም። ስለዚህ ዛሬ «ትምህርቱን በደንብ አልመረጠም» ተብሎ የሚወቀስ ልጅ፣ ብዙ ጊዜ መንግሥት ራሱ ምረጥ ያለውን የመረጠ ነው። ይህ ወቀሳ በጣም ያሳዝነኛል።

የተማረ ሥራ አጥ ግን በዩኒቨርሲቲዎች መስፋፋት የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ፒተር ሰርኔልስ የተባለ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ1980ዎቹ የተሰበሰበ የከተማ መረጃን መሠረት አድርጎ በከተማ የሚኖሩ ወጣት ወንዶችን አጥንቶ ነበር። ከግማሽ የማያንሱት ሥራ የላቸውም፤ ሥራ ፍለጋው በአማካይ ወደ አራት ዓመት ይጠጋል። ከሁሉ የሚደንቀው፣ ሥራ አጡ ከድሃ ድሃው አለመሆኑ ነው። ሻል ካለ ቤት የወጣ፣ በአንጻሩ የተማረና የመጀመሪያ ሥራውን፣ በተለይም የመንግሥት ሥራን የሚጠብቅ ወጣት ነው። ቤተሰብ እያበላ ስለሚያስጠብቀው መጠበቅ ይችላል። የሌለው አይጠብቅም፤ ያገኘውን ይሠራል፣ በመዝገብም «ሥራ ያለው» ተብሎ ይቆጠራል። በዓለም አቀፉ አቆጣጠር በሳምንት አንድ ሰዓት የሠራ ሰው ሥራ አጥ አይባልምና። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የከተማ ሥራ አጥነት 18.7 በመቶ ነው ሲባልም ይህን አብሮ ማሰብ ያሻል።

ይህ ግኝት ለጥያቄያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ማስተርስ መማር አንዳንዴ የመጠበቅ ሌላ መልክ ነው። ቤት ተቀምጦ ከመጠበቅ ክፍል ተቀምጦ መጠበቅ ይከበራል፤ ልጁንም ከድብርት ያወጣው ይሆናል። ይህን ጥቅም አልንቅም። ግን ዋጋው ሲከፈል «ሥራ ያስገኝልሃል» ተብሎ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ከሊቃውንቱም በኩል የሚጠቅመንን ያህል እንውሰድ። ጋሪ ቤከር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ትምህርት በሰው ላይ የሚፈስ መዋዕለ ንዋይ ነው አለ፤ የተማረ የበለጠ ያመርታል፣ ስለዚህ የበለጠ ይከፈለዋል። ማይክል ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ሌላ መንገድ አሳየ። ቀጣሪው ያመልካቹን ችሎታ ማየት ስለማይችል ዲግሪውን እንደ ምልክት ያነበዋል፤ ትምህርቱ ምንም ባይጨምርለት እንኳ ዲግሪው ለይቶ ያሳየዋል። የስፔንስ ሐሳብ አንድ ክፉ መዘዝ አለው፦ ምልክቱን ሁሉም ከያዘው ምልክትነቱ ይቀራል። ሮናልድ ዶር እ.ኤ.አ. በ1976 ይህን «የዲፕሎማ በሽታ» ብሎ ጠርቶ፣ ዘግይተው ወደ ልማት በገቡ ሀገሮች ይብሳል አለ። ትናንት 12ኛ ክፍል ለጨረሰ የሚሰጥ ወንበር ዛሬ ዲግሪ ይጠየቅበታል፣ ነገ ማስተርስ። ወንበሩ ግን ያው ነው፣ ሥራውም ያው።

በእኛ ሀገር ምልክቱ ምን ያህል እንደደበዘዘ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ታየ። የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈተኑ፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 40.65 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 62.37 በመቶ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ናቸው። ውጤቱ አስደንግጦ ነበር፤ ቀጣሪዎችን ግን ያስደነገጠ አይመስለኝም። ባንኮቹ ከዚያ በፊትም የሚቀጥሩትን ራሳቸው ይፈትኑ ነበርና።

ከዚህ ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ቢያንስ አንድ የጋራ ሚዛን አለው። ወደ ሁለተኛ ዲግሪ መግቢያውም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ሀገር አቀፍ ፈተና አለው፤ ተማሪዎች ጋት የሚሉት። መውጫው ላይ ግን እስካሁን እንዲህ ያለ ሚዛን የለም። ስለዚህ ቀጣሪ የማስተርስ ወረቀት ሲያይ የሚመለከተው የትምህርት ቤቱን ስም ነው። ደካማ ስም ካለው ተቋም የተገኘ ማስተርስ፣ በጥሩ ውጤት ከታለፈ የመውጫ ፈተና ያነሰ ሊናገር ይችላል። 

አሁን የሥራ ማስታወቂያዎቹን እናንብብ፤ መልሱ ያለው እዚያ ነው። ሪፖርተር ጋዜጣ ላይ ወይም ቴሌግራም ላይ የወጡ ማስታወቂያዎችን ተከታትሎ ያነበበ ሰው አንድ ቅርጽ ይደጋገምበታል፦ «ማስተርስ እና 4 ዓመት፣ ወይም ዲግሪ እና 6 ዓመት የሥራ ልምድ»። ቁጥሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ቅርጹ ግን ይህ ነው። ቀጣሪው በራሱ አንደበት ማስተርስ የሁለት ዓመት ልምድ ያህል ነው እያለ ነው። ማስተርሱን ለመጨረስ የሚፈጀውም ሁለት ዓመት ግድም ነው። እንግዲህ ሥራ ላይ ሆና ማታ የምትማር ሠራተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለቱንም ታተርፋለች፤ ልምዷ ሁለት ዓመት ይጨምራል፣ ወረቀቷም ሌላ ሁለት ዓመት ይቆጠርላታል። ሥራ ሳይኖረው ቀን የሚማር ልጅ ደግሞ ሲጨርስ ማስተርስና 0 ዓመት ይዞ ይወጣል፤ ማስታወቂያው የሚለው ግን «ማስተርስ እና 4» ነው። ማስተርስ በልምድ ላይ የሚደመር ቁጥር ነው፤ ልምዱ 0 ሲሆን ብቻውን ከዚያ አያደርስም።

ከዚህ የባሰም አለ። «ዲግሪ እና 0 ዓመት» የሚሉ ማስታወቂያዎች ለአዲስ ምሩቅ የተከፈቱ ዋነኛ በሮች ናቸው፤ ባንኮች ጀማሪ ሠራተኞችን በብዛት ሲቀጥሩ የሚያወጡት እንዲህ ያለ ነው። ብዙዎቹ ታዲያ የምረቃ ዓመት ይወስናሉ፦ የዚህ ዓመትና ያለፈው ዓመት ምሩቅ ብቻ። አንዳንዶቹ የዕድሜ ጣሪያም ያስቀምጣሉ። ማስተርስ ሲማር ሁለት ዓመት ያሳለፈ ልጅ ሲወጣ ያ በር ተዘግቶ ይጠብቀዋል። ለከፍተኛው ሥራ ልምድ ያንሰዋል፣ ለዝቅተኛው ጊዜው አልፎበታል። በዝቅተኛው ቢያመለክትም ቀጣሪው «ነገ ጥሎን ይሄዳል» ብሎ ይሰጋል። ማስተርሳቸውን ከማመልከቻቸው ላይ አውጥተው በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያመለክቱ ሰዎች የሚኖሩት ለዚህ ነው። እናት እቁቧን የጣለችበት ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት በኩልም ስሌቱ ተለውጧል። የሥራ ምዘናና ደረጃ፣ ሠራተኛው ጄኢጂ የሚለው፣ ከተተገበረ ወዲህ ደመወዝ የሚከተለው የሥራ መደቡን እንጂ ሰውየው ያጠራቀመውን ወረቀት አይደለም። ማስተርስ ወደ ከፍተኛ መደብ ለመወዳደር ይረዳል፤ መደቡ ከሌለ ግን ትምህርቱ ብቻውን ደመወዝ አይጨምርም። በመምህርነት በኩል ያለው የተሻለ ነው። በክረምት መርሐ ግብር ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ ያደገ መምህር በደረጃው መሰላል ላይ ቦታ አለው። እዚህም ቢሆን ተጠቃሚው አስቀድሞ ሥራ ላይ ያለው ነው።

ማስተርስ ራሱ ሥራ የነበረበት ጊዜ ነበር፤ እሱን ሳናነሳ ብናልፍ የወላጆችን ምክር እናዛባለን። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት በመደበኛነት የጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነው፤ ለብዙ ዓመት ገቢውም ተመራቂውም ጥቂት ነበር። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ ግን አስተማሪ ከየት ይምጣ? የድህረ ምረቃ ቅበላው ሰፋ፤ ጎበዝ ተመራቂ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ይቀራል፣ ለማስተርስ ይላካል፣ ሌክቸረር ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ ዘመን አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ «ማስተርሱን ይዞ ዩኒቨርሲቲ ገባ» ይባልለታል። እውነት ነው። ግን ያ ፍላጎት የመጣው ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ሲወለዱ ስለነበር ነው። አሁን መምህራኑ ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ጡረታ ለመውጣት ብዙ ዓመት የቀራቸው ወጣቶች። ዩኒቨርሲቲዎቹም የሚፈልጉት ዶክትሬት ያለው ሆኗል። ማስተርሱን የሚያስተምሩት ያ በር የተከፈተላቸው፣ ማስተርሱን የሚማሩት ደግሞ ያ በር የተዘጋባቸው ናቸው። ተማሪው ይህን አያውቅ ይሆናል፤ መምህሩ ግን ያውቃል፣ ቢነግረው ደግ ነበር።

በውጭ ሀገር የነጻ ትምህርት ዕድል ማግኘትስ? ይህ ሌላ ሚዛን ነው፤ ክፍያ የለውም፣ ቋንቋና ግንኙነት ይጨምራል። እዚህም ግን ልምድ ከፊት ይቆማል። የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለምሳሌ አመልካቹ ቢያንስ 2,800 ሰዓት፣ የሁለት ዓመት ያህል ማለት ነው፣ እንዲሠራ ይጠይቃል።

ታዲያ ትምህርት በቀጥታ በር የሚከፍተው የት ነው? በሩ ላይ ሕግ ወይም ፈቃድ በቆመበት ቦታ ነው። ከሁሉ ጥሩው ምሳሌ የሂሳብ ሙያ ነው። የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 847 በ2006 ዓ.ም. ሲወጣ ድርጅቶች ሂሳባቸውን በዓለም አቀፍ ደረጃ እንዲያቀርቡ ተገደዱ፤ ተቆጣጣሪ ቦርድም ተቋቋመ። ያን የሚሠራ ባለሙያ በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ኤሲሲኤ የሚባለው የእንግሊዝ የሙያ ፈተና 13 ክፍል አለው። በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው ከመጀመሪያዎቹ አንዳንዶቹን ላይፈተን ይችላል፤ የቀሩትን እየሠራ፣ አቅሙ በፈቀደ መጠን አንድ አንድ እያለ ይወስዳል። አንድ የአካውንቲንግ ምሩቅ በጠቅላላ ማኔጅመንት ማስተርስ ከሚጨምር ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ፤ እዚህ ላይ ምንም አላመነታም። ፈታኙ ከአስተማሪው የተለየ ስለሆነ ወረቀቱ ይታመናል፣ ፍላጎቱንም አዋጅ ፈጥሮታል።

ፒጂዲቲ ሌላው ነው። በፊዚክስ ወይም በታሪክ የተመረቀ ሰው የሁለተኛ ደረጃ መምህር ለመሆን የሚወስደው የድህረ ምረቃ የመምህርነት ዲፕሎማ፣ ከማስተርስ ያጠረ ነው፣ የሚያመራበትም ሥራ የታወቀ ነው። መምህርነትን እንደ መጨረሻ አማራጭ ማየታችን ይህን መንገድ ያሳንሰዋል። ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ግን ወር በገባ ቁጥር የሚቆጠር ልምድ ያለው ሥራ ነው።

ሕክምና ደግሞ ለሁሉም ማስጠንቀቂያ ነው። ሐኪም ሥራ ያጣል ብሎ ማን አስቦ ያውቃል? በ2004 ዓ.ም. አካባቢ አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ፤ ተመራቂው በዛ፣ የመንግሥት የቅጥር በጀት ግን አብሮ አላደገም። የሐኪም ያለህ በሚባልበት ሀገር የተመረቁ ዶክተሮች ሥራ ጠባቂ ሆኑ። ሕመምተኛው አለ፣ ሐኪሙ አለ፣ በመሃል ያለው በጀት የለም። እንዲህ ባለ ጊዜ ስፔሻላይዜሽን ማለት ከጠቅላላ ሐኪሙ የተለየ ሥራ ስለሆነ ትርጉም ያለው ተጨማሪ ትምህርት ነው፤ መግቢያው ግን ጠባብ ነው፣ ስፖንሰርም ይጠይቃል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሐሳብ ብዙ ሰው በጉሮሮው ያንቀዋል፦ ዲግሪ ይዞ ወደ ቴክኒክና ሙያ መመለስ። ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለው ሥልጠና ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ይዘጋል፤ መዛኙም ከአሠልጣኙ የተለየ እንዲሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በከተሞቻችን የኤሌክትሪክ፣ የሳኒተሪ፣ የፊኒሺንግ ሥራ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል። የታሪክ ምሩቅ ኤሌክትሪሻን ቢሆን ምን ይላሉ? «ለዚህ ነው የተማርከው?» ይላሉ።

ዳንኤል ሜይንስ የተባለ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ ጅማ ውስጥ ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2012 መጽሐፍ አሳትሟል። ወጣቶቹ ሥራ የሚንቁት ከስንፍና አይደለም። ሥራ ሰውየው ለማን ሊሰጥ፣ ከማን ሊቀበል፣ ማንን ሊያገባ እንደሚችል የሚወስን ነው፤ ክብር ስንል ይህን ሁሉ ማለታችን ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ልጆች ኮብልስቶን ሲጠርቡ የታየው ለዚህ ነበር ያን ያህል ያነጋገረው። ስለዚህ «ሥራ አይናቅም» ብሎ መምከር ብቻውን አይበቃም። ምክሩን የሚሰጥ ቤተሰብ የልጁን የሳኒተሪ ቦርሳ ከቢሮ ቦርሳ እኩል ማክበር አለበት፤ በሠርግና በለቅሶ ቤት ሲጠየቅ ሥራውን በስሙ መጥራት አለበት። ለሴት ልጅ ደግሞ ከክብሩ ሌላ የደኅንነት ጉዳይ አለ፦ የማታውቀው ሰው ቤት ገብታ መሥራት፣ ሲመሽ መመለስ። ይህን ሳያነሳ «ለምን ሙያ አትማሪም?» የሚል ሰው ግማሹን ብቻ ነው ያሰበው።

የተገላቢጦሹም እውነት አለው። ያገኘኸውን ሥራ ሁሉ ግባ ማለት ሁልጊዜ መሰላል አይሆንም። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ውስጥ ለሥራ ካመለከቱ ወደ አንድ ሺህ ከሚጠጉ ሰዎች መካከል በዕጣ ከፊሉ ሥራውን እንዲያገኙ፣ ከፊሉ የ300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብ ከአጭር ሥልጠና ጋር እንዲሰጣቸው አድርገው ነበር። ሥራውን ካገኙት አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ ለቀቁ። ገንዘቡን የወሰዱት በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል በለጠ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። መነሻ ገንዘብም ቢሆን ተአምር አይደለም ማለት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያጽናናኝ ሌላ ጥናት ነው፤ ግሩም አበበና ሲሞን ፍራንክሊን ከሌሎች ጋር አዲስ አበባ ላይ ያደረጉት። ለከፊሎቹ ሥራ ፈላጊዎች ማስታወቂያ ወደሚለጠፍበት መሃል ከተማ የሚያደርስ የታክሲ ገንዘብ ሰጡ። ለሌሎቹ አጭር ሥልጠና ሰጡ፦ ሲቪ አጻጻፍ፣ የቃለ መጠይቅ ዝግጅት፣ ከዚያም ችሎታቸውን ፈትኖ የምስክር ወረቀት መስጠት። የታክሲው ገንዘብ ጥቅም በጊዜ ብዛት ጠፋ። ሥልጠናውን የወሰዱት ግን ከአራት ዓመት በኋላ ገቢያቸው ከሌሎቹ ወደ 20 በመቶ በሚጠጋ በለጠ፤ የበለጠ የተጠቀሙትም ዝቅተኛ ትምህርት የነበራቸው ናቸው። ጥቂት ቀናት የፈጀ ሥልጠና ይህን ካደረገ፣ የብዙ ወጣቶች ችግር እውቀት ማጣት ሳይሆን የሚያውቁትን ማሳየት አለመቻል ነበር ማለት ነው። ለማስተርስ የሚወጣውን ሁለት ዓመት ከዚህ ጋር ስናስተያይ ልብ ያዝናል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሁሉ ይህን ለአራተኛ ዓመት ተማሪ መስጠት ይችላሉ።

«ግን እኮ በዓለም ጥናት ትምህርት ያተርፋል» የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው። ሳካሮፑሎስና ፓትሪኖስ እ.ኤ.አ. በ2018 ከ139 ሀገሮች ያሰባሰቡት መረጃ እንዳሳየው አንድ ተጨማሪ የትምህርት ዓመት በአማካይ ወደ 9 በመቶ የሚጠጋ ገቢ ይጨምራል፤ ከሰሃራ በታች ባሉ ሀገሮች የከፍተኛ ትምህርት ትርፍ ደግሞ ከሌላው ዓለም ይበልጣል። ይህ አኃዝ ግን በአብዛኛው የተሰላው ሥራ ካላቸው ሰዎች ደመወዝ ነው፤ የሚያሳየውም ትናንት የተማሩትን ነው። ዛሬ ሥራ ሳይኖረው ለሚመዘገበው ልጅ አማካዩ ያን ያህል አይነግረውም።

በውጭ ያለው ወገናችን ይህን ሁሉ በሌላ መልክ ኖሮታል። ዋሽንግተን አካባቢ ከሀገር ቤት ዲግሪ ይዞ የሄደ ሰው የመጀመሪያ ውሳኔው ዲግሪውን አስገምግሞ በዚያው መቀጠል ወይስ አዲስ አጭር ሥልጠና መጀመር ነው። ብዙዎች የመረጡት ሁለተኛውን ነው። የነርስ ረዳትነት ሥልጠና በአሜሪካ ፌደራል ሕግ ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው፤ ግዛቶች ይጨምሩበታል። በዚያ ሥራ ገብተው፣ እየሠሩ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አልፈው ነርስ የሆኑ እህቶቻችን ብዙ ናቸው። ሥራ ቀደመ፣ ትምህርት ተከተለ፤ እያንዳንዱ ደረጃ ፈቃድና ደመወዝ ነበረው።

የዋጋውን ነገር በአጭሩ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት ለመጀመሪያ ዲግሪው ገና ዕዳ አለበት፤ በእጁ ያለውም ቴምፖራሪ የሚባለው ጊዜያዊ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በዚያ ላይ የማስተርስ ክፍያ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ወጪ፣ የቤት ኪራይ ይመጣል። ተቋሙ ለዚያ የትምህርት መስክ እውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥም ግድ ነው፤ እውቅና በሌለው መስክ የተገኘ ወረቀት ማጣሪያ ላይ ይወድቃልና።

እንግዲህ ሥራ የያዘ ሰው ማስተርስ ሊማር ሲያስብ፣ የሚያድግበት መደብ በመሥሪያ ቤቱ ወይም በሌላ ካለ፣ እኔ ቀጥል እለዋለሁ። ሥራ የሌለው ሰው የሚማረው ፈቃድ ወይም የውጭ ፈተና ያለበትን ሙያ ከሆነ እሱንም። ሥራ ሳይኖረው በጠቅላላ መስክ ለመማር ያሰበውን ግን አንድ ዓመት ዝቅ ባለ ቦታም ቢሆን ሠርቶ፣ ከተቻለ ማታ እየተማረ እንዲያየው እለምነዋለሁ። አዲስ ምሩቅ የሚያስገቡት በሮች ሳይዘጉ በእነሱ ላይ ማንኳኳት ይቀድማል።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ የመመዝገቢያ ማስታወቂያ ሲያወጡ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚያው ትምህርት ክፍል ከተመረቁት ስንቱ በሙያው እንደተቀጠረ አብረው ሊያወጡ ይገባል። የምሩቃን ክትትል ጥናት የሚያደርጉ አሉ፤ ውጤቱ ግን ከፋዩ ቤተሰብ ጋ አይደርስም። እስኪደርስ ድረስ ልጁ ራሱ ሊያጠናው ይችላል። ዘንድሮ የተመረቁትን አይጠይቅ፤ እነሱ ገና ተስፋ ላይ ናቸው። ከሁለት ወይም ከሦስት ዓመት በፊት በዚያው ክፍል የተመረቁ አሥር ሰዎችን በስልክም ቢሆን ያግኝ፤ አሁን የት እንደሚሠሩ፣ ቦታውን ያገኙት ከማስተርሱ በፊት ይሁን በኋላ፣ ቀጣሪው ማስተርሱን ጠይቋቸው እንደሆነ አንድ በአንድ ይጠይቃቸው። ያን ወረቀት ላይ ጽፎ ለአጎቱና ለእናቱ ያሳያቸው፤ ምዝገባው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።